የጨርቅ ነጋዴው ልጅና ጋሽ ሉቃስ

የማላውቀው የዙሪክ ቁጥር ሲደውልልኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁትም። ሁለተኛም ደወለ፣ ሦስተኛም። በምሳ ሰዓት መልሼ ስደውል አንዲት ወጣት «አንቺ ሂሩት ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት።

«እኔ ማርታ ነኝ፣ የሉቃስ ልጅ። አባዬ ሞቷል። ማክሰኞ። ፖሊስ ለኔ ደወለ። ወረቀት ላይ የኔ ስም አለ። ያንቺም አለ። ሌላ ሰው የለም።»

በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ፣ የሚይዝ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው። እሷ አማርኛዋም ወጉም በሰባት ዓመቷ እዚህ አገር ስትገባ የቆመ ነው። እኔም አጠገቤ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ስልኩን ዘግቼ ከሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ጥግ ተቀመጥኩ፤ የሰዓቴ ማንቂያ ሲጮህም ተነስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ጋሽ ሉቃስን ያወቅኋቸው ጄኔቫ ውስጥ፣ የአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከላይ እንግዶቹ ሐይቁን እያዩ ቁርስ ይበላሉ፤ እኛ ከታች የተኙበትን አንሶላ እናጥባለን። ማጠቡና ማድረቁ የማሽን ነው፤ ትልልቆቹን አንሶላዎች ማጠፍ ግን የሰው፣ ለዚያውም የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ ሌላው ከዚያ ጫፍ ይይዛል። ወጥረው ያጥፋሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ እጅ ለእጅ ይቀባበላሉ፣ እንደገና ይራራቃሉ። ለአራት ዓመት ያህል ከወዲያኛው ጫፍ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጉራቸው ገና በሃምሳዎቹ የነጣ ሰው ነበሩ። ከምባታ ተወልደው፣ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አድገው፣ ሆሳዕና ላይ ታሪክ አስተምረዋል። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ነበሩና ያዩትን በመናገራቸው ታሰሩ። ስለ እስሩ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ነበረን» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ስለብስ የሰው የለበስኩ ይመስለኛል።»

በመጀመሪያው ሳምንት የአባቴን ሥራ ጠየቁኝ። መርካቶ ጣቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር አልኳቸው። የያዙትን የአንሶላ ጫፍ ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ።

«እንግዲያው የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ታሪክ መስማት አለብሽ። እሱም እንዳንቺ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ» አልኩ። በቤታችን የቅዱሳን ታሪክ አይነሳም።

«እኔ ስለ ጎረቤቴ ነው የማወራሽ። ካልጣመሽ አንሶላሽን ማጠፍ ነው።»

በእርግጥም እንደ ጎረቤት ልጅ አድርገው ነበር የሚያወሩት። ጣሊያን አገር፣ ኮረብታ ላይ ባለች ከተማ የተወለደ ቀብራራ ልጅ ነበር። ከአባቱ ሱቅ ምርጡን ጨርቅ መርጦ ያሰፋል፣ ጓደኞቹን ይጋብዛል፣ ይዘፍናል። ፈረሰኛ ልሁን ብሎ ጦርነት ወጣ፤ ተማርኮ ታሰረ፤ ታሞ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ጨርቁም ዘፈኑም አልጥም አለው። አንድ ቀን በፈረስ ሲሄድ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው መንገድ ላይ አገኘ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ሲያይ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሽ ልጅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከፈረሱ ወርዶ አቅፎ ሳመው። እዚህ ላይ ጋሽ ሉቃስ ሁልጊዜ ይቆሙ ነበር። «የከበደው መስጠቱ አይደለም፤ መውረዱ ነው» ይሉና ማጠፋቸውን ይቀጥላሉ።

ታሪኩን በአንድ ቀን አልጨረሱትም። አንድ ሰሞን የፈረሰችውን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጁ ድንጋይ ተሸክሞ ሲጠግን፣ ሌላ ሰሞን በገመድ የታጠቀ ሻካራ ቀሚስ ለብሶ ቁራሽ ሲለምን፣ ድህነትን እንደ ሙሽራ «እመቤቴ» እያለ ሲጠራት፣ በመጨረሻም ዓይኑ ጠፍቶ ሲሞት ከመኝታው አውርደው ባዶ መሬት ላይ እንዲያስተኙት ሲለምን አየሁት። ያን ጊዜ ከጄኔቫ ወጣ ብላ ባለችው ቨርሷ ከሁለት ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ነበር የምኖረው። በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው በሳምንት አንድ ቀን፣ በጸሎት ቤት ብቻ ነበር የማገኘው። ስለዚህ በጠዋቱ ባቡር ስመጣ «ትናንት የት ላይ ነበር ያቆምነው?» እያልኩ አስብ ነበር።

እሳቸው ታሪኩን ያወሩት ብቻ ሳይሆን ይኖሩት ነበር። ሰርቬት ሰፈር፣ አሮጌ ሕንጻ አናት ላይ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። አልጋቸውን ከኤርትራ ለመጣ ቤተሰብ ሰጥተው መሬት ላይ ይተኙ ነበር። አንድ ሳህን፣ አንድ ወንበር። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ለእንግዳው ይለቁና ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ሲሰጡ ደግሞ ወግ ነበራቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ «ይሄ እኔ ጋ ተቀምጦ ሰለቸው፤ ወስደህ አናፍሰው» ይላሉ። የሚቀበለው ሰው ማመስገን እስኪጀምር አይጠብቁም፤ ወጥተው ይሄዳሉ።

ሰው ግን አይወዳቸውም ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ይፈራቸው ነበር። ጫማ የሰጡት ልጅ ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ሲያያቸው ተሻግሮ ይሄዳል። ሰው ውለታ የሚከፍልበት ሲያጣ ይሸሻል፤ እሳቸው ደግሞ ምንም አይቀበሉም። አንድ ጊዜ ሹራብ ገዝቼላቸው በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ለብሶት አየሁ። ተቀየምኩ። የገና በዓልን ብቻቸውን፣ ያችን ክፍል ዘግተው እንደሚያሳልፉ ሳውቅም አብረን እንዋል ሳልላቸው ቀረሁ።

አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኗን የጠገነበት ቦታ ላይ ደረስን። ድንጋዩን በምን ገዛው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጨርቅ ሸጦ» አሉ ቶሎ ብለው።

«የማንን ጨርቅ?»

«ከሱቁ ወስዶ።»

«ሱቁ የአባቱ አይደል እንዴ? ጋሼ፣ አባቴ በጣቃ ጨርቅ ነው ያሳደገኝ። አንዱ ተነስቶ ለቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ጭኖ ቢሄድ፣ የዚያን ቀን እኛ ጾማችንን ነበር የምናድረው። እሱ ስርቆት ነው።»

የቀረውን አንሶላ ሁሉ ያለ ወሬ አጠፍን። በማግስቱ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ትናንት ዘልዬብሽ ያለፍኩት ነገር አለ» አሉ። «አባቱ ከሰሰው። ጳጳሱ ዘንድ ቀረቡ። ጳጳሱም ለአባቱ ፈረደ። ያንተ ያልሆነውን ለእግዚአብሔር ልትሰጥ አትችልም፣ መልስ አለው። እሱም የጨርቁን ዋጋ መለሰ፤ የለበሰውንም ልብስ አውልቆ አባቱ እግር ስር አስቀመጠና ራቁቱን ቆመ። ድህነቱ የጀመረው ያኔ ነው፤ ከመለሰ በኋላ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ለምን?»

«እኔ ስላልመለስኩ።»

ከዚያ ስለ ማርታ ነገሩኝ። ስደት ሲወጡ የተመደቡት ዙሪክ ነበር። ሚስታቸውንና ልጃቸውን አስመጥተው አፎልተርን በሚባል ሰፈር ተቀመጡ። ማርታ አስር ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤት ክፍሏ በሙሉ ለአንድ ሳምንት በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ተራራ ሊወጣ ነበር። እናቷ በጽዳት ሥራ ከምታገኘው ቆጥባ ቀይ የበረዶ ጃኬት ከነሱሪው ገዛችላት። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ሉቃስ በስደተኞች መቀበያው አንድ አዲስ የገባ ቤተሰብ አገኙ፤ ሴት ልጃቸው በስስ ሹራብ ትንቀጠቀጣለች። ቤት ገብተው ጃኬቱን አውጥተው ለልጅቷ ሰጧት። ማርታ ትምህርት ቤት ነበረች። እናቷ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልታገሠችም፤ ተለያዩና እሳቸው ለሥራ ወደ ጄኔቫ መጡ።

«ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ። «ማርታ ስታለቅስ እንኳን ነገ ይገባታል ብዬ ነበር። ያልገባው ለኔ ነው።»

በሚቀጥለው ወር ዙሪክ ሲሄዱ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ከእሳቸው የሰማሁት ብቸኛው ልመና ነው። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ማርታ አፎልተርን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀችን። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሙያ ትማራለች። ቁመቷ የእሳቸው ነው። በእጇ ጨበጠችን፤ አልሳመችንም።

«ማርታ፣ ያኔ የሰጠሁት ጃኬት የኔ አልነበረም» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ያንቺ ነበር። ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት። በድዬሻለሁ።»

«አስር ዓመት ሆነ፣ አባዬ።»

«አስራ አንድ።»

«ታዲያ ለምን አሁን?»

«ዘግይቶ ስለገባኝ።»

ማርታ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች። «ስለ ጃኬት አይደለም» አለች። «ያቺ ልጅ የኛ ክፍል ገባች። ታውቃለህ? ጃኬቴን ለብሳ። በየቀኑ አየው ነበር። እሷ ደስተኛ ነበረች። እኔ ምንም ማለት አልችልም። ብናገር መጥፎ ሰው እኔ ነኝ። አንተ ጥሩ፣ እሷ ምስኪን፣ እኔ መጥፎ።»

ጋሽ ሉቃስ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ስለ ልጅቷ መግባት አያውቁም ነበር።

«ምን ልመልስልሽ?» አሉ።

«ምንም አትመልስ። ዞንታግ ና። እሁድ። ሁሌ እሁድ። ለኔ ብቻ። ሰው ይዘህ አትምጣ፣ የሰው ነገር አታውራ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ «ይቅርታ፣ አንቺን አይደለም» አለች።

ከዚያ ቀጥሎ የነበሩት ሰባት ወራት ጋሽ ሉቃስን ሌላ ሰው አደረጓቸው። የባቡር ግማሽ ዋጋ ካርድ አወጡና ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደ መታወቂያ ያዙት። አንድ ፖርቱጋላዊ ባልደረባችን የእሁድ ፈረቃውን እንዲሸፍኑለት ሲጠይቃቸው «አይሆንም» ሲሉ ሰማሁ፤ ከአፋቸው ያን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ማርታ ጋ ሲሄዱ ሰፈሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሐይቅ ይዞራሉ፣ ከዚያ ሾርባ ትሠራለች። አንድ ሰኞ የተረፈውን ሾርባ በጠርሙስ ይዘው መጡና ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ አንዴም ሳያቀምሱኝ፣ ጥርግ አድርገው ጠጡት። «የማርታ ነው» አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ። ባለመቀመሴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ እኔ ታመምኩ። ቅዳሜ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆስፒታል ገባሁና ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። እሁድ ጠዋት ጋሽ ሉቃስ ከባልደረባችን ሰምተው፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄዱ ለአምስት ደቂቃ ብለው ጎራ አሉ። ሻንጣቸው ትከሻቸው ላይ ነበር። እኔ አለቅስ ነበር። ቁስሉ አይደለም ያስለቀሰኝ፤ ነርሷ ለማን እንደውልልሽ ብላ ስትጠይቀኝ የምሰጣት ስም አጥቼ ነው። አዩኝና ሻንጣቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

ከፊቴ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። እሁድ መሆኑን አውቃለሁ። ማርታ ባቡር ጣቢያው መድረክ ላይ ቆማ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ሂዱ አላልኳቸውም። ስልካቸውን ከወር በፊት ለአንድ ሰው ሰጥተውት ስለነበር የሚደውሉበት አልነበራቸውም። የኔ ስልክ ትራሴ ስር ነበር። ይደውሉ አላልኳቸውም። ብደውልና ማርታ «ና» ብትላቸው ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አፎልተርን ሲደርሱ ማርታ መድረኩ ላይ ነበረች። ያለፈው እሁድ ለምን እንደቀሩ ጠየቀቻቸው። «አንድ የታመመ ሰው ነበር» ሲሏት፣ «ሁሌ አንድ የታመመ ሰው አለ፣ አባዬ» ብላ ጥላቸው ሄደች። ለስድስት ሳምንት ያህል እየሄዱ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ተመለሱ። አልመጣችም። እኔ ልደውልላትና የታመመችው እኔ ነኝ ልበላት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንቺ የለሽበትም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ቃሉ ቀለለኝና ተቀበልኩት። በዓመቱ ቨርሷ ውስጥ አረጋውያን ቤት ሥራ አገኘሁና ከሆቴሉ ወጣሁ፤ ከዚያ በወር አንድ ጊዜ፣ ኋላም በሁለት ወር አንድ ጊዜ ብቻ እንገናኝ ጀመር። የመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው አንሶላ የሚያጥፍላቸው ማሽን እንደመጣ ነገሩኝ። «ጥሩ ማሽን ነው» አሉ። «ግን አያወራም።»

ልባቸው ነው የቆመው። ጎረቤት ነው ያገኛቸው።

ቀብሩ ላይ አርባ ያህል ሰው ነበር። አብዛኛውን አላውቀውም፤ ሐበሻ፣ አፍጋን፣ አንድ ሽማግሌ የሰፈሩ ሰው፣ ፖርቱጋላዊው ባልደረባችን። ሲያዩአቸው መንገድ ይሻገሩ የነበሩትም መጥተዋል። ተራ በተራ ወደ ማርታ እየቀረቡ አባትሽ እንዲህ አድርጎልኛል ይሏታል። አንዷ «የኛም አባት ነበሩ» ብላ አቅፋት አለቀሰች። ማርታ ለሁሉም ራሷን እየነቀነቀች ታመሰግን ነበር። ከጨረሱ በኋላ ቀስ ብላ «ሁሉንም ያውቃቸው ነበር» አለችኝ።

ሰርቬት ያለችውን ክፍል ለማጽዳት አንድ ሰዓት አልፈጀብንም። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሸኘኋት። የዙሪክ ባቡር ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር። መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሳለ ከዚህ በኋላ ዕድል እንደማላገኝ ገባኝ።

«ማርታ፣ ያን እሁድ የታመመችው ሴት እኔ ነበርኩ» አልኳት። «ሰዓቱን እያየሁ ነበር። ስልክም ነበረኝ። እንዲሄዱብኝ ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም።»

አላየችኝም። ሰዎች ሻንጣ እየጎተቱ በመሃላችን አለፉ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝም መብቷ ነበር።

«ስንት ሰዓት ሄደ?» አለች።

«የመጠየቂያው ሰዓት እስኪያበቃ አልሄዱም። እስከ አስር ሰዓት። በናንተ አራት ሰዓት።»

«እኔም እስከ አራት ሰዓት ጠበቅኩት» አለች። ቀጥላም፣ «ምን አደረገ? ያን ቀን ሁሉ?» አለች።

«ብርቱካን ላጡልኝ። እኔ መብላት አልተፈቀደልኝም ነበር፤ ረስተውት ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸውና አንኮራፉ፤ ነርሷ ሳቀች። ሲነቁ ስለ አንቺ አወሩ። ስትራመጂ ፈጣን ነሽ አሉ። ሐይቁን ስትዞሩ ሲደክማቸው፣ እንዳታውቂባቸው የጫማ ክር የሚያስሩ መስለው ጎንበስ ይሉ ነበር።»

ማርታ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ጫማው እኮ ክር የለውም» አለች። «ሁሌ ጎንበስ ይላል፣ እኔም ሁሌ አየዋለሁ፣ ክር የለውም።»

ባቡሩ መጥቶ ቆመ። በሮቹ ተከፈቱ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ማርታ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይሄኛው ይሂድ» አለች። «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ አለ። ከዚያስ አባዬ ምን አለ?»